ለሱራፌል ያዋስኩት ዕድሜ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ እፊታቸው እቀመጥና ሰው አማሁ፣ ተቆጣሁ፣ የደንበኛ ቁራጭ ጨርቅ አስቀረሁ እያልኩ ትንንሾቹን አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ። ትልቁ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ» ይሉኛል፤ እኔም መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። ያልነገርኳቸውን እንዴት አድርገው ይፍቱት? ለእናንተ መናገር የቀለለኝ ስለማታውቁኝ ነው። ገና ከጅምሩ የፈሪ ኑዛዜ መሆኑን እወቁልኝ።

ተክሌ እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። አያቴ በወታደርነት ጅጅጋ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ አባቴም እኔም እዚሁ ተወለድን። ሱማሊኛው እንደ አማርኛው ይቀናኛል። ገበያው አጠገብ ባለችው በረንዳዬ ላይ ለተማሪ ዩኒፎርም፣ ለሙሽራ ሱፍ፣ ለሱማሌ እናቶች ሰፋፊ ቀሚስ ስሰፋ ነው የኖርኩት። ሰፈሩ ግን ከመቀሴ ይልቅ በቃሌ ነበር የሚያውቀኝ። ቀበሌ ምስክር ሲፈልግ እኔ እጠራለሁ። ጎረቤት በአጥር ሲጣላ እኔ እጠራለሁ። «ተክሌ ካለ አለቀ» ይሉ ነበር፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። እኔም ይህችን አባባል ወደድኳት። ስሰፋ እንኳ በሆዴ እደግማት ነበር። ሰው በስሙ ሲሰክር ከአረቄ ስካር የባሰ ነው፤ ጠዋት አይለቅም።

በዚህ በተመሰገነው ቃሌ አንድ ልጅ ወህኒ አስገባሁ፣ አንዲት እናት ውሸታም አስባልኩ። ልጁ የክርስትና ልጄ ነው።

ሱራፌል ይባላል። እናቱ ጽጌ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን ናት፤ ባለቤቴ ብርቄና እሷ እንደ እህት ነበሩ። ሱራፌል በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ከካህኑ እጅ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የክርስትና አባት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በእግዚአብሔር ፊት ለልጁ ዋስ መሆን ነው። ዋስ የሆንኩለት ያኔ ነው፤ የካድኩትም እኔው ነኝ።

ከተማችን ባበደችበት በዚያ ክፉ ሐምሌ እኛን የሱማሌ ጎረቤቶቻችን ቤታቸው ደብቀው አተረፉን። ቤተክርስቲያኑ ግን ተቃጠለ፤ የክርስትናው መዝገብም አብሮ ነደደ። የጽጌ ባል ሱቅ ባዶውን ቀረ። ሰውየው ሥራ ፍለጋ ድሬዳዋ ወረደ፤ መጀመሪያ ይደውል ነበር፣ ከዚያ በበዓል ብቻ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ሱራፌል ስምንተኛን ጨርሶ ዘጠነኛ ክፍል ተቀምጦ ነበር። ትምህርቱን ተወና ባጃጅ ልንዳ አለ።

መንዳቱንማ ያውቅ ነበር። የጅጅጋ ጎረምሳ የማይነዳ የት አለ? የጎረቤታችንን ባጃጅ ከጓሮ ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓሮ ሲያመላልስ ነው ያደገው። ነገር ግን ባለ ባጃጁ ግዴለሽ ሰው አልነበረምና ቁርጡን ነገረው። «መንጃ ፈቃድ ይዘህ ና፣ ቁልፉ ያንተ ነው።» መንጃ ፈቃድ ደግሞ አስራ ስምንት ዓመት ይፈልጋል። ሱራፌል አስራ ስድስት ነበር።

ጎረምሳ ልጅ ያላችሁ ሰዎች ይህን ጭቅጭቅ ሳታውቁት አትቀሩም። «እገሌ አወጣ፣ እገሌ በዘመዱ አወጣ፣ እኔስ?» ይላል። ቁመቱ ከእናቱ በላይ፣ ድምፁ ጎርናና፣ ጢሙ ግን እንደ ኮክ ፀጉር። ጽጌ አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ መጥታ ከማሽኔ ማዶ ቆመች። ጨርቅ የምትመርጥ መስላ ጥቅሉን እየዳሰሰች «ጋሽ ተክሌ፣ አንተ አድጓል ብትላቸው እኮ ማንም አይጠይቅም» አለችኝ። እንድዋሽ በግልጽ አልጠየቀችኝም። እኔም እሺ አላልኳት። መዝገቡ ተቃጥሏል፣ የልደት ወረቀት የለም፣ ዕድሜውን የሚያውቀው ክርስትና ያነሣው ሰው ነው። ሁለታችንም ይህን እያወቅን ተለያየን።

የመጀመሪያው ሥራዬ ኮት መስፋት ነበር። ይህን ስናገር አሁንም እጄን ይበላኛል። ለመታወቂያው ፎቶ ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ ጥቁር ኮት ሰፋሁለት፣ አንገቱን የሚያረዝም ኮሌታ ያለው ሸሚዝም ጨመርኩ። መስታወት ፊት ሳቆመው ሁለት ዓመት ጨምሮ ቆሞ አየሁት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። በሙያዬ ኮራሁ እንጂ ምን እየሠራሁ እንደሆነ አልታየኝም።

ቀበሌ ስንገባ ጸሐፊው ወንበር አቀረበልኝ። ሱማሌ ነው፣ ጨዋ ሰው። ለልጁ ማን ነህ አለኝ፤ የክርስትና አባቱ ነኝ አልኩት። «እናንተ ዘንድ የክርስትና አባት እንደ መሐላ ነው ይላሉ፣ አይደል?» አለ። ነው አልኩ። መቼ ተወለደ አለ።

እዚህ ላይ ነው የማፍርበት ነገር። ውሸት ስለማልችል፣ ማለትም እንደማልችል አምን ስለነበር፣ ቀን ስፈጥር እንዳልደናቀፍ ፈራሁ። ስለዚህ አልፈጠርኩም። የልጄን ቀን ሰጠሁት።

እኔና ብርቄ ልጅ ነበረን። ኪዳኔ ይባል ነበር። ከሱራፌል ሁለት ዓመት ይበልጥ ነበር፤ መራመድ እንደጀመረ ትኩሳት ወሰደው። ከእሱ ወዲህ አልሰጠንም። ለጸሐፊው የኪዳኔን ልደት ነገርኩት፣ የኪዳኔን ክርስትና ነገርኩት፤ ዝናቡን፣ በቤተክርስቲያኑ በር ላይ የነበረውን ጭቃ፣ ሕፃኑ ውሃው ሲነካው ሳያለቅስ ካህኑን አፍጥጦ ማየቱን። አንዲቷም ቃል ውሸት አልነበረችም፤ የሌላ ልጅ ነበረች እንጂ። ጸሐፊው ፈገግ ብሎ ጻፈ። «ማርያምን!» ብዬም ጨመርኩበት፣ ማንም ማል ሳይለኝ። ለምን ማልኩ? እኔ እንጃ። ምናልባት ኪዳኔ በሕይወት ቢኖር ያኔ አስራ ስምንት ሞልቶት እጄን ይዞ ለመታወቂያ ይመጣ ነበርና ለአንዲት ደቂቃ እውነት መሰለኝ። ይህን የምላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የሞተ ልጁን ለውሸት ያከራየ አባት ሐዘን አይገባውም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁለት ሆነ። በየቢሮው አብሬው ሄድኩ። የዓይን ምርመራ ላይ ፊደሎቹን እስከ መጨረሻው ረድፍ ለቀማቸው። ማሰልጠኛው ውስጥ የመንገድ ምልክቱን፣ ቅድሚያ ለማን እንደሚሰጥ፣ ከትምህርት ቤት ፊት እንዴት እንደሚታለፍ ተማረ። የጽሑፉን ፈተና በመጀመሪያው አለፈ። በተተከሉ እንጨቶች መሃል እየተጠማዘዘ መውጣቱን፣ የኋሊት መግባቱን፣ ሁሉንም አለፈ። በየበሩ መታወቂያውን አዩ፤ ፊቱን ያየ አልነበረም። ማን ይፍረድባቸው? መታወቂያው ላይ የእኔ ቃል ነበረበት።

ፊቱን ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አሰልጣኙ መሐሙድ። ከተግባር ፈተናው በፊት ባለው ቀን ጥግ ወሰደኝና «አደር ተክሌ» አለኝ። አጎቴ እንደማለት ነው። «ልጅህ መሪ ያውቃል። ፍሬን አያውቅም። እግሩ ያውቃል፣ ልቡ አያውቅም። እውነት አስራ ስምንት ነው?»

እኔስ ምን አልኩ? ተቆጣሁ። «የእኔን ቃል ነው የምትጠረጥረው?» አልኩት። መሐሙድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታ ያስጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ የተቆጣሁትም እኔ ነኝ።

መንጃ ፈቃዱ የወጣለት ቀን ሱራፌል እየሮጠ መጣ። ጽጌ እልል አለች። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ብርቄ ጋ ሲደርስ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። የልደት ቀኑ ላይ ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ካርዱን ለልጁ መለሰችለት፣ «እንኳን ደስ ያለህ» ብላ ግንባሩን ሳመችውና ወደ ውስጥ ገባች። እስክትሞት ስለ ቀኑ ምንም አላለችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለጥቂት ወራት ሁሉ ነገር ያማረ መሰለ። ሱራፌል ጠዋት ባጃጁን ያጥባል፣ ማታ ለእናቱ ዳቦና ስኳር ይዞ ይገባል። በበረንዳዬ ፊት ሲያልፍ ጡሩምባ ይነፋልኛል። እኔ ግን ሰላም አልነበረኝም። መሽቶ ሲቆይ ማሽኔን አቁሜ መንገዱን አያለሁ። የባጃጅ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የእሱ መሆኑን ለመለየት ጆሮዬን እቀስራለሁ። ሰው መርፌ ጨርቅ ውስጥ ረስቶ ልብሱን ለባለቤቱ ከሰጠ በኋላ የሚሰማው ዓይነት ነገር ነበር። የት እንደሚወጋ አይታወቅም፤ እንደሚወጋ ግን ይታወቃል።

በሐሙስ ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከከተማው ወደ ቀብሪበያ በሚያስወጣው መንገድ ከከብት ገበያው አለፍ ብሎ ሱራፌል አንድ ሽማግሌ ገጨ። ሽማግሌው ከሀርሺን ፍየል ሊሸጡ የመጡ ሰው ነበሩ፤ የቀሩትን ፍየሎች እየነዱ መንገድ ሲያቋርጡ ነው። ሱራፌል ተሳፋሪ ጭኖ፣ ለሌላ ተሳፋሪ ለመድረስ ይጣደፍ ነበር። ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ነበረች። ፍየሎቹን አይቷል። ፍየሎቹ ካለፉ በኋላ መንገዱ ነጻ መስሎት ነዳ። ከፍየል ኋላ ሰው እንደሚኖር ልጅ አያስብም። ሽማግሌው ሌሊቱን ሆስፒታል አድረው ሞቱ።

መሐሙድ የነገረኝ ይህንኑ አልነበረም?

ሱራፌል አልሸሸም። ሽማግሌውን በዚያው ባጃጅ ነው ሆስፒታል ያደረሳቸው፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ፖሊስ ጠበቀ። ሸሚዙ ላይ ደም ነበር፣ እኔ የሰፋሁለት ባለ ረጅም ኮሌታው ሸሚዝ። ስደርስ ቀና ብሎ «አባባ፣ ይተርፋሉ?» አለኝ። አባባ ነው የሚለኝ። ይተርፋሉ አልኩት። እሱንም ዋሸሁት።

የሟች ወገን ሽማግሌዎች ከሀርሺን መጡ። የደሙን ነገር በወጉ ተነጋግረን፣ ሰፈሩ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አዋጥቶ፣ በእነሱ በኩል ዕርቅ ወረደ። ጨዋ ሰዎች ነበሩ። የመንግሥት ሕግ ግን የራሱ መንገድ አለውና ክሱ ቀጠለ። ያኔ ጽጌ ፍርድ ቤት ቆማ እውነቱን ተናገረች። «ልጄ አስራ ስምንት አልሞላውም። ገና አስራ ሰባቱንም አልጨረሰም» አለች። ዕድሜው ካልሞላ ከትልልቆቹ እስረኞች ተለይቶ ይያዛል፣ ፍርዱም ይቀልለታል ብሎ ጠበቃው ነግሯት ነበር።

ዳኛዋ ሐኪም ይየው አሉ። ሐኪሙ አጥንቱን በራጅ አየና አስራ ሰባትም አስራ ዘጠኝም ሊሆን ይችላል ብሎ ጻፈ። ስለዚህ ነገሩ ዞሮ ዞሮ መታወቂያው ላይ ቃል የሰጠው ሰው ይምጣ ተባለ።

ያ ሰው እኔ ነኝ።

ከቀጠሮው በፊት የነበሩትን ቀናት ልንገራችሁ? የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ አበላሸሁ። ጽጌ በየማለዳው በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ «ትነግራቸዋለህ አይደል?» ትለኛለች። «እነግራቸዋለሁ» እላታለሁ። እውነቴን ነበር። እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ቤት ስገባ ግን ሌላ ሰው ሆኜ እገባለሁ። ቀበሌው ምን ይላል? መሐሙድ ምን ይላል? በእኔ ቃል መታወቂያ የወሰዱት ሁሉ ሊመረመሩ አይደለም? ተክሌ ካለ አለቀ ያለው ሕዝብ ነገ ተክሌ አለቀለት አይልም? ብርቄ ራቱን አቅርባ ታየኛለች።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከሀርሺን የመጡት ሽማግሌዎች ከፊት ተቀምጠዋል። ሱራፌል ቆሟል፤ ኮቱ ከትከሻው ሰፍቶ ተንጠልጥሎበታል። ዳኛዋ መጀመሪያ እሱን ጠየቁት። ዕድሜህ ስንት ነው አሉት። ልጁ ወደ እናቱ አላየም፣ ወደ ጠበቃውም አላየም። ወደ እኔ አየ። «የክርስትና አባቴ እንደሚለው ነው» አለ።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ አመነዠግኩት መሰላችሁ። እውነቱ በአፉ ነበር፣ አስራ ሰባት ብሎ መጨረስ ይችል ነበር። ያን ቢል ግን እኔን ውሸታም ማለቱ ነው። ያንን አላደረገም። የተናገርኩትን ራሴው እንዳነሣው በሩን ከፍቶልኝ ቆመ። አስራ ስምንት ያልሞላው ልጅ ለእኔ አሰበልኝ።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጄን አኖርኩ። ዐቃቤ ሕጉ የሐሰት ምስክርነት እንደሚያሳስር አስጠነቀቀኝ። ዳኛዋ «ያን ጊዜ ለቀበሌ የሰጡት ቃል ትክክል ነው?» ብለው በሱማሊኛ ጠየቁኝ። በሱማሊኛ አዎን «ሃ» ናት። አንዲት ትንፋሽ። ሳላስበው ወጣች ብል ደስ ይለኝ ነበር። አስቤ ነው ያወጣኋት። ሃ አልኩ። ቀኑንስ ያስታውሳሉ አሉኝ፤ ዝናቡን፣ ጭቃውን፣ ያላለቀሰውን ሕፃን እንደገና ተናገርኩ። ስለ ልጄ ስናገር እንባዬ መጣ። አዳራሹም ለክርስትና ልጄ ያለቀስኩ መሰለው።

ለምን? እያላችሁ ነው። እኔም እላለሁ። ሰበብ መደርደር እችላለሁ፤ ሰፊ ነኝ፣ ቁራጭ ከቁራጭ መግጠም አያቅተኝም። ግን ፈራሁ። ይኸው ነው። ለስሜ ፈራሁ፣ ለልጁ አልፈራሁም።

ሱራፌል አንገቱን ደፋ። ሁለት ዓመት ከምናምን ተፈረደበት፤ ከትልልቆቹ ጋር።

ከአዳራሹ ስወጣ ሁለት ሰዎች አነጋገሩኝ። አንደኛው ጢማቸውን በሂና ያቀሉ የሀርሺን ሽማግሌ ናቸው። ሁለት እጄን ይዘው «ዋላሂ፣ ለገዛ ልጁ ሲል እንኳ የማይዋሽ ሰው ዛሬ አየሁ» አሉኝ፤ ዞረውም ለጓደኞቻቸው ደገሙት። ይህች ቃል ከእኔ በፊት ሰፈር ደረሰች። በዚያ ሳምንት ሱቅ ስገባ ይነሡልኝ ጀመር። ጽጌን ደግሞ «እናት ናት፣ ምን ታድርግ፣ ለልጇ ዋሸች» ይሏት ነበር። እውነት የተናገረችው ውሸታም ሆነች፣ የዋሸሁት እኔ ጻድቅ ሆንኩ። እኔም ይህን እየሰማሁ ዳቦዬን ገዝቼ ገባሁ።

ሁለተኛዋ ጽጌ ናት። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አልጮኸችም። «ጋሽ ተክሌ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎት» አለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት አንቱ ብላኝ አታውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ እንጋራለን፣ ቃል ግን አንጋራም። ስታስል ይሰማኛል። ስታለቅስም ይሰማኝ ነበር። ለብርቄ ቀብር መጣች፣ ከሴቶቹ ጋር አልቅሳ ሄደች፤ እኔን እግዜር ያጽናዎት አላለችኝም።

ሱራፌል ሲወጣ ወደ እኔ መጣ። አይመጣም ብዬ ነበር፤ መጣ። ቁጭ በል እስክለው ቆሞ ጠበቀ፤ እስር ቤት የለመደው ነው። የፊት ጥርሱ አንዱ የለም። እንዴት ነው አላልኩትም። ሱሪ ልስፋልህ ብዬ ሜትሬን አወጣሁ፣ ሌላ የምሰጠው አልነበረኝምና። ወገቡን ስለካ በሸሚዙ ውስጥ የጎድን አጥንቱ ተቆጠረልኝ። ሜትሩን እንደያዝኩ ይቅር በለኝ ልል አፌን ከፈትኩ። «ርዝመቱ እስከዚህ ይሁን?» አልኩት። ይሁን አለኝ።

አሁን አይነዳም። ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። መንገድ ሲያቋርጥ ግራ ቀኝ አይቶ፣ እንደገና ግራ አይቶ፣ ከዚያ ነው የሚሻገረው። ፍየል ሲያይ ይቆማል።

ይህን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ልሞት ነበር። አሁን ያናገረኝ ባለፈው ማክሰኞ የሆነው ነው።

አዲሱን ዲጂታል መታወቂያ ሊመዘገብ ተሰልፎ ሳለ ደወለልኝ። ከጀርባው የሰልፉ ጫጫታ ይሰማል። «አባባ» አለኝ፣ «የትውልድ ቀን ይጠይቃሉ። የቱን ልበል?»

እስካሁን ተነጋግረንበት አናውቅም። አንድም ቀን። እሱ ግን ሁለቱንም ይዞ ኖሯል።

«እውነቱን በል እንጂ፣ ልጄ» አልኩት። ድምፄ ለራሴም ደስ አለኝ፤ የተክሌ ድምፅ ነበር።

«እሱማ ካሮጌው መታወቂያ ጋር አይገጥምም። ጠይቄያቸዋለሁ። ፍርድ ቤት ይስተካከል ይላሉ። ያኔ የመሰከረው ሰው ቀርቦ መሳሳቱን ይናገር ይላሉ።»

ሰባ ሊሞላኝ ነው። ብርቄ የለችም፣ ሱቄ ከእኔ ጋር ያረጀ ነው። ማን ያስረኛል? ምን ይቀርብኛል? እመጣለሁ ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት፤ እንደ ሃ አጭር ናት። መርፌው በጣቴ መሃል እንደተያዘ ነበር። ከወዲያ ሰው «ተራህ ነው፣ ቅረብ» ሲለው ይሰማኛል። እሱ ግን እየጠበቀ ነበር። እንደ ፍርድ ቤቱ ቀን በሩን ከፍቶ እየጠበቀኝ ነበር።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ያለ ቁጣ፣ «ተወው አባባ። ያንኑ እላለሁ። ለምጄዋለሁ» አለኝ።

ስልኩም ተዘጋ።

ይኸው የኪዳኔ ልደት እስከ ዕድሜ ልኩ የሱራፌል ሆነ፤ ከልጁም ሕይወት ሁለት ዓመት ሳይኖራቸው ጠፉ። ጽጌም በሰፈሩ አፍ ውሸታም እንደሆነች ቀረች። ይህን ሁሉ በአንዲት ቃል ማቅናት ስችል፣ የስልኩ መብራት እጄ ላይ ሳይጠፋ፣ ከአፌ የወጣውን ልንገራችሁና ይቅር በሉ ወይም አትበሉ፤ እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን አልልም።

«ተመስገን» ነበር ያልኩት።